አሮጌ ኮምፒውተር ማፍጠን ቀላል ነው፤ ከባዱ እውነተኛ ኤስኤስዲ ማግኘት ነው

ይህን የምጽፈው እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። የዘገየ ኮምፒውተር ስለማፍጠን ምክር ሞልቷል። ቴምፕ ፋይል አጥፉ፣ ዴስክቶፑን አጽዱ፣ አጥፍታችሁ አስነሱ ይሏችኋል። ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባውን ፈጣን የዳታ ማስቀመጫ፣ ልትገዙ ስትሄዱ ሱቅ ውስጥ ምን እንደሚገጥማችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም። የኔን ገንዘብና የባለቤቴን ድካም የበላው ደግሞ እሱ ነው።

የኛ ማሽን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ሞዴሉ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ከዱባይ የመጣ ስላይትሊ ዩዝድ ነው የገዛነው። ባለቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ቁጭ ብላ የትንንሽ ሱቆችን ሒሳብ በፒችትሪ ትሠራበታለች። ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ ትጽፍበታለች። ማታ ማታ ልጆቹ የቤት ሥራ ይሠሩበታል። በርቶ ለሥራ እስኪደርስ ግን ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣ ነበር። አዲስ ግዙ የሚሉን ሰዎች ነበሩ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የኮምፒውተር ዋጋ የት እንደደረሰ የጠየቀ ሰው እንደዚህ አይልም።

ምርመራው ደቂቃ አይፈጅም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። የኛ ልክ እንደዚያ ነበር። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ አንባቢው ክንድ ለእያንዳንዷ ፋይል ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ አለበት። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው።

ቀላል ቀላሉን ላሳጥረው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ከስታርትአፕ ላይ አጠፋሁ። ሾርትከት ቫይረስን በመፍራት ተደራርበው የተጫኑ አንቲቫይረሶች ነበሩ፤ አንዱን ትቼ ሌላውን አወጣሁ። ከረጢት ሙሉ የሚመስል የሰፈራችንን አቧራ ከማቀዝቀዣው ላይ አጸዳሁ። ራሙን 8 ጊጋ አደረስኩ። ይሄ ማሽን የሚወስደው ዲዲአር 3 የሚባለውን የራም ዓይነት ነው፣ ያውም የዴስክቶፕ፤ የላፕቶፕ ራም አይገጥምለትም። ማይክሮሶፍት በምክሮቹ ውስጥ ፍላሽ ሰክታችሁ ሬዲቡስት (ፍላሹን ለማፍጠኛ የሚጠቀም የዊንዶውስ ዘዴ) ተጠቀሙ ይላል። አትድከሙ። የፍላሹን ብር ለኤስኤስዲው ጨምሩበት።

አሁን ወደ ኤስኤስዲው።

ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይበላል። ስለዚህ አንዴ ከወጣሁ አይቀር ብዬ ትልቁን፣ 1 ቴራውን ጠየቅሁ። ሻጩ ማሸጊያው ያልተከፈተ አመጣልኝ። ራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ አሳየኝ፤ ዊንዶውሱም 1 ቴራ ነው አለ። ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው ቆረጠልኝ። ቤት መጥቼ ገጠምኩት፣ ዊንዶውስ በአዲስ መልክ ጫንኩ፣ ፎቶዎቹንና የፒችትሪውን ዳታ ገለበጥኩ። ማሽኑ ነፍስ ዘራ። ባለቤቴ እንዴት ደስ እንዳላት አልነግራችሁም።

ከዚያ ፎቶዎች እየተከፈቱ ግማሻቸው ግራጫ መሆን ጀመሩ። ቀጥሎ ፒችትሪ ኤረር እያለ አልከፍትም አለ። የወሩ የቫት ማሳወቂያ ጊዜ እየደረሰ ነው። ቫይረስ ነው አሉኝ። ኬብል ነው አሉኝ። ራሙ ነው ያለኝም አለ። ሁሉንም አየሁ፣ አንዱም አልነበረም።

ነገሩን ያወጣው ኤች 2 ቴስት ደብልዩ (H2testw) የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ነው። ዲስኩን እስከ ጥግ በሙከራ ዳታ ይሞላውና መልሶ ያነበዋል። የጻፈውና ያነበበው ካልተመሳሰለ ይናገራል። በኛ ሰፈር መብራት መሃል ላይ እየሄደ ፍተሻውን ደጋግሜ ከዜሮ ጀመርኩት። በመጨረሻ ውጤቱ መጣ፦ እውነተኛው ቦታ 60 ጊጋ ገደማ ነው። ሌላው ሁሉ ባዶ ስም ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማችኋል። እቃው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ “1 ቴራ ነኝ” ብሎ ለዊንዶውስ እንዲዋሽ ተደርጎ ተስተካክሏል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ሲሞላ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ ይደርበዋል፣ ወይም ጨርሶ አያስቀምጠውም። የፋይሉ ስምና መጠን ግን በቦታው ይታያል። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ሰክቶ ማሳየት ምንም ማረጋገጫ የማይሆነው። ከፍቶ ማየትም አያዋጣም፤ እውነተኞቹም ውስጣቸው ትንሽ ቦርድ ነው።

ያዳነን አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። ኬብሉን ነቅዬ ሳልነካው አስቀምጬው ስለነበር የድሮው ዳታ አንድም አልጠፋም። በዚህ እኮራለሁ። ብዙ ቴክኒሺያኖች “ፎርማት አድርገህ ለማስቀመጫ ተጠቀምበት” ይላሉ። አትስሟቸው። ቢያንስ አንድ ወር ሳይነካ ይቀመጥ። በአዲሱ ላይ የተመዘገበው ሒሳብ ግን ሄደ። ባለቤቴ ከወረቀት ደረሰኞቹ ላይ ሌሊት ሌሊት እንደገና አስገባችው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። “ወንድሜ፣ ስትወስደው ይሠራ ነበር” አለኝ። የፍተሻውን ውጤት አሳየሁት። ጣቱን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ቀሰረ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልን ወይም ገንዘባችን እንዲመለስልን የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ይህን ስነግረው “እንግዲያው ሂድና ክሰስ” አለኝ።

ሄድኩ። የሸማቾችን አቤቱታ የሚቀበለው ቢሮ ውስጥ ያስተናገደኝ ሰው ደረሰኙን ገልብጦ አየና “እዚህ ላይ እኮ አክሰሰሪ ነው የሚለው” አለኝ። እውነትም ሻጩ የጻፈው “የኮምፒውተር አክሰሰሪ” ብሎ ነው። ኤስኤስዲ አይልም፣ 1 ቴራ አይልም፣ ሲሪያል ቁጥር የለውም። “ይሄ ያመጣኸው ዕቃ ከዚያ ሱቅ ለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ?” ሲለኝ መልስ አጣሁ። ሱቁ ድረስ ሄዶ ማየት እኮ ይቻል ነበር! አቤቱታዬን ተቀብለው መዝግበዋል። መልስ ግን የለም።

ስለዚህ ስትገዙ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም፣ መጠኑና ሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። አልጽፍም ካለ ውጡ። እኔ ሁለተኛውን የገዛሁት እንደዚያ ከሚጽፍ ሱቅ ነው፤ ከጀርባው ላይም “ፈትሾ ካልሆነ ይመልሳል” ብሎ ፈረመልኝ። መጠኑን ደግሞ 256 ጊጋ አደረግሁት። ለቤት ከበቂ በላይ ነው፤ ቶሎ ተፈትሾም ያልቃል። 1 ቴራ በሚቆራረጥ መብራት መፈተሽ መከራ ነው።

አገጣጠሙ ቀላል ነው፤ አንድ የዳታ ኬብል፣ አንድ የፓወር ኬብል። የድሮውን ዲስክ እንዳለ ከመገልበጥ (ክሎን ከማድረግ) ይልቅ ዊንዶውስን ከአዲስ ጫኑ፤ የድሮውን ቆሻሻ ይዞ መዞር ምን ያደርጋል? ፒችትሪ ያላችሁ ግን መጀመሪያ በራሱ ባክአፕ አውጡ፣ የመጫኛ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፉት።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንደኛ ያለውን ማሽን በይፋ አይቀበልም። ማይክሮሶፍት አዲስ ግዙ ይላል። እኔ አልገዛም። ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 2019 የተፈቀደውን ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ ተመዝግቤ እየተጠቀምኩ ነው። እሱ ሲያልቅ ለልጆቹ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም እዚያው ማሽን ላይ ጎን ለጎን እጭናለሁ፤ ፒችትሪው ያለበት ዊንዶውስ ደግሞ ከኢንተርኔት ይነቀላል።

አሁን ማሽኑ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይነሳል። ፍተሻውን ግን እንዳትዘሉት፤ አንድም ፎቶ ሳትገለብጡበት በፊት ይደረግ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዝ ባትሪ) ከሌላችሁ መብራት በማይሄድበት ሰዓት ጀምሩት። በኛ ብሎክ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የሚሻለው።