ከጣርማበር እስከ ቀይ ባሕር፦ እርከን ማንበብ እየተማርኩ ነው

ሰላም ወዳጆች፤ የሰሞኑ ንባቤ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ባሕር ወደ ሠራቸው እርከኖች ወርዷል። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ባሕር ማጥናት ሰሚን ያስቃል። ደረጃ ደረጃ የሆነ መሬት ግን ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ትምህርቱንም የጀመርኩት ከዚሁ ነው።

ጣርማበር ላይ ቆማችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስታዩ ሦስት ዓይነት ደረጃ አለ። አንዱ ገበሬው የካበው እርከን ነው። ሁለተኛው ተነባብሮ ከፈሰሰው ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ) ጠንካራው ገደል ሆኖ ሲቀር፣ ለስላሳው ተሸርሽሮ የተሠራው መደብ ነው። ትልቁ ደግሞ መሬቱ ተሰንጥቆ ወደ አፋር የወረደበት ነው። ባሕር የሠራው እዚህ የለም።

የባሕሩ እንዲህ ነው፦ ማዕበል ገደሉን ከሥሩ እየበላ ወደ ኋላ ሲገፋው፣ ወደ ውኃው በትንሹ ያዘነበለ ጠፍጣፋ አለት ይቀራል። መሬቱ ከፍ ሲል ወይም ባሕሩ ሲሸሽ ጠፍጣፋው ከውኃ ወጥቶ ይቆማል። በሞቃት ባሕር ኮራልም (ድንጋይ የሚገነቡ ትናንሽ የባሕር እንስሳት) እያደገ ራሱ እርከን ይገነባል፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ ይህ ብዙ ነው።

ብዙ ያለፋኝ ከፍታውን የት ላይ እንደምለካ ነበር። ዓይን ቶሎ የሚያርፈው እርከኑ ጫፍ ላይ ነው። የጥንቱን የባሕር ከፍታ የሚነግረው ግን ሜዳው ከኋላው ገደል ጋር የሚገናኝበት ጥግ ነው። ያንንም ከላይ የተንሸራተተ አፈር ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ከሳተላይት ምስል የሚወሰድ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል። መስክ ወርዶ ሳያዩ በቁጥሩ መማል አይቻልም።

ዕድሜ ሲታወቅ ነገሩ ይጣፍጣል። በኤርትራ ዙላ ባሕረ ሰላጤ፣ አብዱር ላይ፣ የ125,000 ዓመት ገደማ የኮራል እርከን ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች መገኘታቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያኔ የዓለም ባሕር ከዛሬው ከ6 እስከ 9 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነበር። የዚያ ዘመን እርከን ከዚህ በላይ ከቆመ መሬቱ ተነስቷል፤ በታች ከሆነ ሰምጧል። ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሳለ የጨው ሜዳውን ኮራል የከበበው ባሕሩ አንድ ጊዜ ገብቶበት ስለነበር ነው።

የጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይም የባሕር ነው፤ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ቅሪተ ዛጎል ብታገኙበትም ደረጃውን የቆረጠው ወንዙ ነው። የምጽዋ ዳርቻ ኮንቱር (እኩል ከፍታን የሚያሳይ መስመር) ያለው ካርታ ያላችሁ ካላችሁ ላኩልኝ፤ ቀጥሎ የምሠራው እሱን ነው።