የሀሚንግበርድ ሁለተኛ ዓመቴ፦ ከማብላቱ ማጠቡ

አምና ለሀሚንግበርድ፣ ለዚያች የአበባ ወለላ ለምትመጥ ትንሽ ወፍ፣ የስኳር ውሃ የሚሞላበት መመገቢያ ሰቅዬ ለወራት ጠበቅኩ። ወፍ የለም! በቀጥታም በቅኔም። ጉንዳን ግን እንደ ጉድ ነበር። ዘንድሮ ሦስት ሀሚንግበርዶች ጓሮዬ ይመላለሳሉ። በመሀል ምን እንደተቀየረ ልንገራችሁ።

የምኖረው ምሥራቅ አሜሪካ ነው። በዚህ በኩል ጎጆ ሠርቶ የሚፈለፍለው ሀሚንግበርድ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ወንዱ ጉሮሮው እንደ ፍም ቀይ ነው። ክብደቱ 3 ግራም ገደማ። አገር ቤት አበባ ላይ የምናያቸውን ረጅም ምንቃር ያላቸውን ወፎች ይመስላል እንጂ ዘመዳቸው አይደለም። ሀሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ የለም። ስለዚህ አገር ቤት ያላችሁ ይህን ዕቃ አትግዙ፤ አበባ ትከሉ።

ያምናው ጥፋቴ ብዙ ነው። ቀይ ቀለም ያለው ፈሳሽ ገዛሁ። ቀለሙ አያስፈልግም፣ የዕቃው ቀይ ክፍል ይበቃቸዋል። ከዚያ ማር በውሃ በርዤ ልስጣቸው አልኩ፤ ከስኳር ይሻላል ባይ ነኛ። እሱም አይሆንም። የተበረዘ ማር ቶሎ ይቦካል፣ ሻጋታም ያወጣል። ትልቁ ጥፋት ግን ስንፍናዬ ነው። አንዴ ከሞላሁት ዘጠኝ ቀን ሳልነካው ከረመ። ስከፍተው ፈሳሹ ደፍርሷል፣ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጥቁር ነገር ተጋግሯል። እኔ ብሆን እጠጣው ነበር?

የዘንድሮው አሠራር ቀላል ነው። 1 ኩባያ ተራ ነጭ ስኳር ለ4 ኩባያ ውሃ። ሙቅ ውሃ ላይ አማስዬ አቀዘቅዘዋለሁ። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። መመገቢያው ላይ ያለውን ግን ሙቀት ሲበረታ በየሁለት ቀኑ ደፍቼ፣ ዕቃውን በሙቅ ውሃና በጠርሙስ ብሩሽ እፈትገዋለሁ። ግማሹ ሳይጠጣ ሲደፋ ያናድዳል። አሁን ግማሹን ብቻ እሞላለሁ።

ለጉንዳኑ ከመመገቢያው በላይ ውሃ የያዘች ትንሽ ጽዋ አንጠለጠልኩ። መዋኘት ስለማይችሉ እዚያው ይቀራሉ። አንድ ወዳጄ ማንጠልጠያውን ዘይት ቀባው ብሎኝ ነበር። እንዳትሞክሩት፣ ላባቸው ላይ ከተጣበቀ አለቀላቸው።

ኤፕሪል 19 የመጀመሪያው መጣ። ቀድሞ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ትልቅ ንብ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አየር ላይ ቆሟል። ክንፉ አይታይም፣ ጭጋግ ነው። አየኝ፣ ወደ ኋላ በረረ፣ ጠፋ። ወደ ኋላ! ከወፎች እንዲህ መብረር የሚያውቅበት እሱ ነው።

ውበቱን አይታችሁ ግን አትሞኙ፣ ባለጌ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ወንድ ቅርንጫፍ ላይ ተጎልቶ የመጣውን ሁሉ ያባርር ጀመር። ራሱ ይጠጣል እንዳትሉ፣ ሥራው ዘበኝነት ሆነ። ሁለተኛ መመገቢያ ከቤቱ ጥግ ወዲያ፣ እሱ ከተቀመጠበት በማይታይ ቦታ ሰቀልኩ። ሁለቱን ባንዴ መጠበቅ አቃተው። ሴቶቹም በሰላም መጠጣት ጀመሩ።

አበባም ተክያለሁ፤ ቀይ ሳልቪያና ቢ ባልም። እውነቱን ልናገር፣ ሳልቪያው ሲያብብ መመገቢያዬን ዞር ብለው አላዩትም። ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ፀረ ተባይ መርጨቱንም ትቻለሁ። ስኳሩ ጉልበት ብቻ ነው፤ ሥጋቸውን የሚያገኙት ከትንኝና ከጥቃቅን ሸረሪት ነው። ጫጩቶቹም የሚያድጉት በእሱ ነው። ሸረሪት ካነሳን፣ ሜይ ላይ የመስኮቱን ጥግ ልጠርግ መጥረጊያ ይዤ ስወጣ አንዷ ሴት ድሩን በምንቃሯ እየሳበች ደረስኩ። ጎጆዋን የምታያይዘው በእሱ ነው፤ ድሩ ስለሚሳብ ጫጩቶቹ ሲያድጉ ጎጆው አብሮ ይሰፋል። መጥረጊያዬን ይዤ ተመለስኩ። ባለቤቴ እስካሁን ስለዚያ ጥግ ትነዘንዘኛለች።