ቁልፉ ኪሴ፣ ኮምፒውተሩ ደብረ ብርሃን

ትናንት ማታ ሸዋ ሮቢት ሆኜ ደብረ ብርሃን ያለውን የቤቴን ኮምፒውተር ከፈትኩት። በስልኬ። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሸዋ ሮቢት ሙቀትም አለበት መሰለኝ።

ነገሩ የጀመረው መሐል ሜዳ ለለቅሶ የሄድኩ ጊዜ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ የመዋጮው መዝገብ እቤት ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ሰብሳቢው ጋሼ ደወሉ። «ልጄ፣ አባል ሞቶብናል። ውዝፍ እንዳለባቸው እየውና ቶሎ ንገረኝ፤ ገንዘቡን ዛሬ ማድረስ አለብን።» ኮምፒውተሩ በርቷል። የኢንተርኔቱ ሂሳብ ተከፍሏል። የክፍሉ ቁልፍ ግን ኪሴ ውስጥ ነው። በስልኬ ብሞክር፣ ብሞክር፣ እምቢ። «ሲመሽ እደውላለሁ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የሚያናድደው ተዘጋጅቼ መሄዴ ነው። ሁለት ማታ ራውተሩ (ዋይፋይ የሚያድለው ሳጥን) ላይ ተጥጄ ፖርት፣ ማለትም ከውጭ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ በር፣ ከፍቼ ነበር። ሞክሬው ሠርቷል። ለካ የሞከርኩት በዚያው በቤቴ ዋይፋይ ነው!

ስመለስ ራውተሩ ውስጥ ገብቼ አየሁ። ከኢንተርኔት አቅራቢው የተሰጠው አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) በ100.72 ይጀምራል። አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ ስከፍት ደግሞ ሌላ ቁጥር ወጣ። ሲጂናት የሚሉት ይሄ ነው። አንዱን የሕዝብ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ማካፈል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ቁጥር በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ ተመድቧል። አይፒቪ4 (የቆየው የአይፒ ዓይነት) ያለው አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለዓለም የሚታደለው ክምችት በ2011 እ.ኤ.አ. አልቋል። ስለዚህ አቅራቢውን ብቻ መራገም ልክ አይሆንም። ትንሽ ግን ተራግሜያለሁ።

ብዙ ተከራይ ያለበትን ግቢ አስቡት። በሩ አንድ፣ ዘበኛው አንድ። ተከራይ ወጥቶ ዕቃ ካዘዘ፣ ዘበኛው አስታውሶ ዕቃውን ያስገባለታል። ከውጭ መጥቶ «እገሌን ፈልጌ ነበር» የሚለውን ግን ማን ጋ እንደሚልከው አያውቅም፤ ይመልሰዋል። እኔ የከፈትኩት የራሴን ክፍል በር ነበር። የግቢው በር የእኔ አይደለም።

መፍትሔው ታዲያ ኮምፒውተሩ ራሱ ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ ነው። መሃል ላይ የሚያገናኝ ሰርቨር (ሁልጊዜ የበራ ኮምፒውተር) ውጭ አገር ልከራይ አስቤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ሲሉኝ ተውኩት። ቴልስኬል የሚባለውን፣ መሣሪያዎችን በኢንተርኔት የሚያገናኝ ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሩም ስልኬም ላይ ጫንኩ። ሁለቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። በቀጥታ መገናኘት ካልቻሉ በመሃል አገናኝ ሰርቨር ያልፋሉ። ለኮምፒውተሬ የሰጠው አድራሻም በ100 ይጀምራል፤ ሳቄ መጣ።

የቀረው መብራት ነው። ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲበራ ባዮሱ (የኮምፒውተሩ የመነሻ ቅንብር) ላይ አስተካከልኩ።

ትናንት ታርማበር ዋሻ ስንገባ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ልቤም አብሮ። ሸዋ ሮቢት ደርሼ ሞከርኩት። ተከፈተ። ወዲያው ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ከዚህ ሆኜ መዝገቡን እያየሁት ነው!»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ጎሽ። ግን ልጄ፣ በደብተር ገልብጠህ እኔ ጋ ብታስቀምጠው ምን ነበረበት?»