ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ፕሮቲን ሳጠና

ይህን የምጽፈው ያኔ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው። ብዙም ያልተጠና የሰው ፕሮቲን ይዛችሁ "ለመድኃኒት ይሆን ይሆናል" ብላችሁ ልትነሱ ከሆነ፣ ሳይቃጠል በቅጠል።

ሰው ፕሮቲን የሚሠሩ 20,000 ገደማ ጂኖች አሉት። የተፈቀዱት መድኃኒቶች በሙሉ ተደምረው ያነጣጠሩት ግን ከ1,000 ባነሱ የሰው ፕሮቲኖች ላይ ነው። ወደቀሩት ብዙ ሰው አይሄድም። መሣሪያ የለም፣ የቀደመ ጥናት የለም፣ ገንዘብ ሰጪውም ይፈራል። እኔን ያደፋፈረኝ ፒሲኤስኬ9 ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኮሌስትሮል ጋር መያያዙ ሲታወቅ ገና አዲስ ፕሮቲን ነበር። በ2015 እሱን የሚያግዱ ሁለት መድኃኒቶች ተፈቀዱ።

የእኔው ፕሮቲን ከኪናዝ ቤተሰብ ነው፤ ኪናዞች በሌሎች ሞለኪውሎች ላይ ፎስፌት የሚለጥፉ ኢንዛይሞች ናቸው። ሥራው ስላልታተመ ስሙን አልጠራም።

ጅማሬው ቀላል ነበር። የዘረመል መረጃውን አገላበጥኩ፣ አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የተነበየውን የፕሮቲኑን ቅርጽ አወረድኩ። የመተማመኛ ነጥቡ ከ70 በታች በሆነበት ቦታ የምታዩትን ጉድጓድ የመድኃኒት ማረፊያ ነው ብላችሁ አትመኑ። እዚህ ላይ ተጠንቅቄያለሁ።

ጉዱ የመጣው በአንቲቦዲው ነው።

አንቲቦዲ ፕሮቲን ላይ የሚጣበቅ ሞለኪውል ነው፤ ከሺዎች መሃል የምትፈልጉትን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ መያዝ አለበት። ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። ወረቀቱ "ለዌስተርን ብሎት ተረጋግጧል" ይላል፤ ይህ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ አንቲቦዲው የያዘውን እንደ መስመር የሚያሳይ ሙከራ ነው። ሁለት የታተሙ ጥናቶችም ተጠቅመውበታል። አመንኩት። ፕሮቲኑ 48 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) መሆን ሲገባው መስመሩ 55 አካባቢ ወጣ። "የሆነ ነገር ተለጥፎበት ይሆናል" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያቺ ሰበብ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ስምንት ወር ሠራሁ። በካንሰር ሴሎች ውስጥ ይጨምራል አልኩ። የማይክሮስኮፕ ፎቶዎቹ ያምሩ ነበር። በስብሰባ ላይ ቆሜ አቀረብኩ።

ከዚያ አንዲት ባልደረባዬ ዲኤንኤ በሚቆርጠው መሣሪያ፣ በክሪስፐር፣ ጂኑን አጠፋችው። ጂኑ ከሌለ ፕሮቲኑም አይኖርም፣ መስመሩም መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። እዚያው 55 ላይ ድርቅ ብሎ ቆሟል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የእሷን ሥራ ነው፤ በዚህ ዛሬም አፍራለሁ። ዲኤንኤውን አስነበብን፣ ሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች ተበላሽተዋል። አሁንም አላመንኩም። በሌላ ቦታ ቆርጠን አዲስ ሴል አሳደግን። ሁለት ወር ሄደ። መስመሩ ያው ነው። በመጨረሻ አንቲቦዲው የያዘውን ፕሮቲኖችን በክብደት ልኬት በሚለየው በማስ ስፔክትሮሜትሪ ስናስመረምር፣ የእኔ ፕሮቲን ጭራሽ የለበትም። ስምንት ወር ያጠናሁት ሌላ ፕሮቲን ነው።

ለሻጩ ከነምስሉ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ "አሠራርዎን ይፈትሹ" አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ። ሌላ ብልቃጥ ላኩ፣ እሱም ያው። ለሚቀጥለው ግዢ ቅናሽ እንሰጣለን አሉ። እኔ የፈለግኩት ያንን ወረቀት እንዲያርሙት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን አንቲቦዲ የሚረጋገጥባቸውን አምስት መንገዶች አውጥቶ፣ ቢያንስ አንዱን ተጠቀሙ ብሏል። እኔ በዚህ አልስማማም። ላልተጠና ፕሮቲን ጂኑን አጥፍቶ ማየትን የሚተካ የለም። ሴሉ ያለዚያ ጂን የሚሞት ከሆነ ብቻ የፕሮቲኑን መጠን ቀንሱና እዩ። ይህንንም ከመጀመሪያው ሙከራ በፊት አድርጉት። "ስንት ጥናት ተጠቅሞበታል" የሚለውን መመዘኛ ተዉት። እነዚያ ሁለት ጥናቶችም እንደ እኔ አምነው ይሆናል።

እኛ በኋላ አንቲቦዲውን ትተን ሂቢት የሚባለውን 11 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ምልክት በክሪስፐር ጂኑ ጫፍ ላይ ተከልን። ምልክቷ ከአጋሯ ጋር ስትገናኝ ብርሃን ትሰጣለች፤ ብርሃኑ የፕሮቲኑን መጠን ይነግራችኋል። ጂኑ በጠፋበት ሴል ላይ ምንም ብርሃን የለም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛውን ፕሮቲኔን አየሁት። መጠኑ ትንሽ ነው፣ በካንሰር ሴሎችም አይጨምርም። የጠበቅኩት ይህን አልነበረም፣ ግን የራሱ ነው።

አሁን ውህዶችን በሙቀት እየፈተንን ነው። ፕሮቲኑ ላይ የተጣበቀ ውህድ ብዙ ጊዜ የመቅለጫ ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። እስካሁን ሦስት ውህዶች ደጋግመው ከፍ አድርገውታል። በስብሰባው ላይ ያቀረብኩትን ደግሞ ተመልሼ ሄጄ፣ እዚያው ሰዎች ፊት ስህተት ነበር ብያለሁ። አንቲቦዲው ዛሬም ከነወረቀቱ ይሸጣል።