ታዲያ 57ቱ የማን ነው?

ጃንዋሪ ላይ ነው። የምሠራበት የመኪና መሸጫ ጋራዥ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ትልቁ በር ሲከፈት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ደንበኞችን የሚቀበለው ሰርቪስ አድቫይዘር የሰጠኝ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ «ደንበኛው ነዳጅ ይበላል ይላሉ።» መኪናው አዲስ ቶዮታ ፕሪየስ ነው፣ በነዳጅና በባትሪ የሚሠራ ሃይብሪድ፤ ደረጃው ኤክስኤልኢ። ሴፕቴምበር ላይ የተገዛ፣ 4,000 ማይል ገና ያልሞላው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው ደስ የሚለው ቴክኒሻን የለም። የሚከፈለን በሠራነው ሥራ ልክ እንጂ በቆምንበት ሰዓት አይደለም። «ነዳጅ ይበላል» ለሚል አቤቱታ ደግሞ የተመደበ ክፍያ የለም ማለት ይቻላል። ስካነሩን ትሰካለህ፣ የተመዘገበ ስህተት ካለ ታያለህ፣ ዞር ዞር አድርገህ ትመልሳለህ። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። የተመዘገበ ስህተት የለም። የትልቁ ባትሪ ክፍሎች እኩል ናቸው። የያዘ ፍሬን የለም። 8 ማይል ያህል ነዳሁት። ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ ስለነበር ስክሪኑ በጋሎን 51 ማይል አሳየኝ። የጎማውን ንፋስ እንኳ አልለካሁም፤ መብራቱ አልበራማ። «ችግር አልተገኘም፤ መኪናው እንደተሠራበት ይሠራል» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ሰውዬውን አላየኋቸውም። ስማቸውንም ልብ አላልኩትም።

በሁለት ሳምንት ተመልሰው መጡ። ያን ቀን እኔ እረፍት ነበርኩ። ሌላ ልጅ አየውና ያንኑ ጻፈ።

ፌብሩዋሪ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። እኔ ዕቃ ልወስድ ወደ ፊት ወጥቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ ሙሉ ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ባንኮኒው ጋ ቆመዋል። አድቫይዘሩ ፈጠን ፈጠን እያለ ያስረዳቸዋል፤ ክረምት ነው፣ አዲስ መኪና ነው፣ ይላመዳል። ኃላፊያችን ከጎኔ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ችግሩ መኪናው አይደለም፣ ሹፌሩ ነው» አለኝና ሄደ። ሽማግሌው ቃሉን አልሰሙም። እንዴት እንዳያቸው ግን አይተዋል። ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

«ሐበሻ ነህ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ፣ እኔ መኪናው ተበላሽቷል ልል አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ነዳጁ የት ነው የሚሄደው?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኛ ሁልጊዜ የምንመልሰው «ምን ተበላሸ?» የሚለውን ነው። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው። እኔም ሆንኩ ያኛው ልጅ የጻፍነው ለዚህ መልስ አልነበረም።

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ትንሽ ደብተር አወጡ። ነዳጅ በቀዱ ቁጥር ቀኑን፣ ማይሉን፣ ጋሎኑን ጽፈዋል። ከጎኑ በእርሳስ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ አስልተዋል። ወጣት ሳሉ በፊያት ኤንትሬ ከአሰብ ጭነት ያመጡ እንደነበር ነገሩኝ። ያን ጊዜ ሹፌር ነዳጁን በደብተር ካላወራረደ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ልማዱ አልተዋቸውም። የጃንዋሪው ገጽ ላይ 41 ይላል፤ በሊትር 17 ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ከላይ በትልቁ የተከበበ ቁጥር አለ፦ 57። በሊትር 24 ኪሎ ሜትር። ሲገዙ የተነገራቸው ነው።

ኃላፊዬን ግማሽ ሰዓት እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። እንቢ አለ። የምሳ ሰዓቴን ወሰድኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ከጎንዎ ልቀመጥ» አልኳቸው።

ያን ቀን የሠራሁት ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የተከተለ ነው። ሁለቱንም ጊዜ መኪናውን የነዳነው እኛ ነን። በእኛ እግር፣ በእኛ መንገድ፣ በሞቀ ሞተር። እሳቸው ሲነዱ ያያቸው አንድም ሰው የለም።

ገብተን ተቀመጥን። ማሞቂያው መጨረሻው ላይ ነው። ሞተሩ ይሠራል። ማርሹን ዲ ላይ አደረጉት፤ እጃቸው ግን አልቆመም። አንድ ጊዜ ደግመው ነኩት። ዳሽቦርዱ ላይ ዲ የነበረው ቢ ሆነ። ነዳጅ ረገጡና ወጣን።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ ቢ ላይ ነው የሚነዱት?»

«አዎና! ቢ ባትሪ አይደለም እንዴ? ይሙላ ብዬ ነዋ።» ትንሽ ነዱና ቀጠሉ። «ደግሞ እግሬን ሳነሳ ይይዛል። ከባድ ማርሽ አድርጌ ነው ያየሁት። ጣርማ በርን ያለ ማርሽ የወረደ ሹፌር ለወሬም አይተርፍ።»

ለአንድ አፍታ ምን እንደምል ጠፋኝ። ስካነር ይህን አያሳይም። ማርሽ ቢ ላይ መሆኑ ስህተት ስላልሆነ የትም አይመዘገብም። ቢ የተሠራው ለረጅም ቁልቁለት ነው። መኪናው ጠንከር ብሎ እንዲይዝ ሞተሩን ጭምር ያዞራል፤ ወደ ባትሪ ሊገባ ይችል የነበረ ጉልበት እዚያ ይቀራል። በዚያ ላይ እግር በተነሳ ቁጥር መኪናው ቶሎ ፍጥነት ስለሚቀንስ እንደገና ነዳጅ መርገጥ ይመጣል። የአምራቹ መመሪያም ለዘወትር መንዳት ዲ ይበጃል ይላል። እሳቸው ግን በራሳቸው ሙያ ነው ያሰሉት። በከባድ መኪና ሕይወትን ያተረፈ ልማድ ነው። ይህን ሰው ነው «ችግሩ ሹፌሩ ነው» ያለው ኃላፊዬ። አሁንም ሳስበው ይከነክነኛል።

ዲ ላይ እንዲያደርጉት ነገርኳቸው። ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወጣን። ስክሪኑን ከፈትኩና ጉልበቱ ከጎማ ወደ ባትሪ ሲሄድ የሚያሳየውን ሥዕል አወጣሁ። መንገዱ ቁልቁል ሲሆን እግራቸውን አነሱ። ቀስቱ ዞረ። ቀደም ብለው ቀስ አድርገው ፍሬን ሲነኩት ቀስቱ ወፈረ።

«ፍሬን ስይዝ የሚጠፋው ነው የሚመለሰው?»

«ብዙው ይመለሳል። ቀደም ብለው፣ ቀስ ብለው ከያዙ። በድንገት ከረገጡት ግን የብረቱ ፍሬን ይገባል፤ ያኔ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።»

ዝም አሉ። ቀጥሎ ባለው መብራት ላይ ከሩቅ ጀምረው ያዙት፤ እንደ ውሃ ፈስሶ ቆመ። እኔ 9 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ እንዲህ አልይዝም።

«ጣርማ በርን ስንወርድ» አሉ መብራቱን እያዩ፣ «የፍሬኑ ሽታ ደብረ ሲና ድረስ ይከተለን ነበር። ያ ሁሉ ጉልበት ለካ ነዳጅ ነው።»

እኔ ይህን ትምህርት ቤት በሥዕልና በቀመር ነው የተማርኩት። እንደዚህ ግን ገብቶኝ አያውቅም።

ስንመለስ ሌላውን አየን። ሴፕቴምበር ላይ ሲረከቡ ሙቀቱ 80 ፋራናይት ገደማ ነበር። አሁን 20 ነው። ሙቀት በየ10 ዲግሪው ሲወርድ የጎማ ንፋስ አንድ ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። ለካሁት፤ አራቱም በሩ ላይ ካለው ጽሑፍ በ6 ያንሳሉ። መብራቱ የሚበራው ሩብ ያህል ሲጎድል ስለሆነ አልበራም። ብቻውን ሲታይ ብዙ አይደለም፤ ፍጆታው ላይ አንድ በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ግን ሁለት ጊዜ እጃችን ላይ ገብቶ ሁለቴም አልነፋንለትም።

ከሁሉ የከበደው ጠዋቱ ነው። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ኡበር ይሠራሉ። ከቤት ሳይወጡ 20 ደቂቃ መኪናውን ያሞቃሉ። ከዚያ አጭር አጭር መንገድ። ከዚያ ናሽናል ኤርፖርት መጠበቂያው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍተው ተራ ይጠብቃሉ። የሃይብሪድ ጥቅሙ ሞተሩ መጥፋቱ ነው። የዚህ መኪና ማሞቂያ ሙቀቱን የሚያገኘው ግን ከሞተሩ ውሃ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ይነሳል። መኪናው ቆሞ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ማይሉ ዜሮ ነው። ለዚህ ነው ብርድ ከተራው መኪና ይልቅ ሃይብሪዱን አብዝቶ የሚጎዳው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ቁጥር አለ፤ 20 ፋራናይት ላይ፣ አጭር የከተማ መንገድ ሲሆን፣ ተራው መኪና 15 በመቶ ያህል ሲያጣ ሃይብሪዱ ከ30 እስከ 34 በመቶ ያጣል። ለመንቀሳቀስ ግማሽ ደቂቃ እንደሚበቃ፣ ቀስ ብሎ እየነዱ ማሞቅ እንደሚሻል ነገርኳቸው። የወንበር ማሞቂያውን አሳየኋቸው። ነክተውት አያውቁም።

«ባትሪ ይጨርሳል ብዬ ነው እኮ።»

«የሚወስደው ትንሽ ነው ጋሼ። ሞተሩን ከማስነሳት ይሻላል።»

እዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥያቄያቸውን የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ደብተራቸውን ከፍተው የተከበበችውን ቁጥር በጣታቸው ነኩ።

«እንግዲህ ይህን ሁሉ ካደረግሁ፣ ሲሞቅ፣ 57 ይመጣል?»

ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ የመኪናውን ወረቀቶች አወጣሁ። ሲሸጥ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የነበረው ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል። ዘረጋሁላቸው። 52 ይላል። ከተማም 52፣ አውራ ጎዳናም 52።

«ታዲያ 57ቱ የማን ነው?»

«የኤልኢው ነው ጋሼ። ትንሽ ቸርኬ ያለው፣ ባለ 17 ኢንቹ። የእርስዎ ባለ 19 ነው። ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው ጎማው ነው።»

ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ትንሹን ቸርኬ ብጠይቅ ይሸጡልኝ ነበር?»

«አዎ። ዋጋውም ይቀንሳል።»

ምንም አላሉም። ወረቀቱን በታጠፈበት መስመር መልሰው አጠፉት። ጮኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አብሬያቸው ወደ ሽያጭ ክፍሉ ሄድኩ። የሸጠላቸው ልጅ ፈገግ ብሎ «እስከ 57 ነው ያልኩት» አለ። «እስከ» የሚለውን ቃል ሲናገር ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ልጁ ያልዋሸ ይመስለዋል። ለእኔ ግን ለነዳጅ ብሎ መኪና የሚገዛን ሽማግሌ የሌላ መኪና ቁጥር ነግሮ፣ ብዙ ነዳጅ የሚበላውንና የሚወደደውን መስጠት ውሸት ነው። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም። እኔም በዚያ ቤት ስም ይቅርታ ለመጠየቅ ሥልጣኑ አልነበረኝም። በራሴ ስም ጠየቅኋቸው። «አንተ ምን አደረግህ?» አሉኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ትከሻዬን መታ አድርገው ሄዱ።

ማታ ኃላፊዬ ጠራኝ። ደንበኛን ወደ ሽያጭ ክፍል ይዞ መሄድ የእኔ ሥራ እንዳልሆነ ነገረኝ። ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ግን «ነዳጅ ይበላል» የሚል ወረቀት ሲመጣ ባለቤቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ የምሳ ሰዓቴ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ አድቫይዘሩ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።

ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ጋሼ ለመጀመሪያ ሰርቪስ መጡ። ጎማውን እያዟዟርኩ ሳለ ባርኔጣቸውን ይዘው በሩ ጋ ቆሙ። ደብተሩን ከሩቅ አሳዩኝ። 50 ነጥብ 3። ስለ 57ቷ አላነሱም። ክቡ ግን አሁንም አለ፤ አላጠፉትም።

«ማሞቁን ተዉት ጋሼ?»

«ወደ አምስት ደቂቃ አወረድኩት። ከዚያ በታች አልችልም። ሞተር ነው እኮ ልጄ፣ ክብር ይፈልጋል።»

አልተከራከርኩም። ደብተሩን ተቀብዬ ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከነዳጁ ቁጥሮች መሀል በእርሳስ የተጻፉ ሁለት መስመሮች አሉ፦

«ጃንዋሪ 14። ጋራዥ ሄድኩ። ምንም የለውም አሉ።»

«ጃንዋሪ 29። ጋራዥ ሄድኩ። ምንም የለውም አሉ።»

የመጀመሪያዋ የእኔ ናት።