ትሉ ሰውነትን ሸወደ፣ እኔንም ጨመረኝ

የማስተርስ ጥናቴን ስጀምር ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጣና ዳር ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የልጆችን ሰገራ መርምሬ ትል ያለባቸውንና የሌለባቸውን እለያለሁ። ከዚያ ክንዳቸው ላይ የአለርጂ ምርመራ እሠራለሁ። ትል ያለበት ልጅ ቆዳው ብዙም አያብጥም ብዬ ጠበቅኩ። ሐሳቡ የራሴ ፈጠራ አይደለም። ጋቦን ውስጥ የቢልሃርዝያ ትል ያለባቸው ተማሪዎች ቆዳቸው ለቤት አቧራ ተባይ የሚያሳየው ምላሽ ዝቅ ያለ መሆኑ በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ነገሩ ዛሬም ይገርመኛል። የቢልሃርዝያ ትል የሚኖረው ደም ስር ውስጥ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች ቀን ከሌት በሚመላለሱበት መንገድ ላይ። እዚያ ዓመታት ይቆያል። ከእኛው ደም የወሰዳቸውን ሞለኪውሎች ገላው ላይ ይለጥፋል። የባለቤቱን ጋቢ ለብሶ ቤት እንደገባ ሌባ በሉት።

ዋናው ዘዴው ግን ሌላ ነው። ሰውነታችን የገዛ ራሱን ቁጣ የሚያበርዱ ቲ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉት። ትሉ እነዚህን ያነቃቃል፣ ኢንተርሉኪን 10 የተባለው አብራጅ መልእክትም ይበዛል። አይጥ አንጀት ውስጥ የሚኖር አንድ ትል ደግሞ ጭራሽ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለውን አብራጅ ፕሮቲን ሥራ የሚሠራ የራሱን ፕሮቲን ያመነጫል። ቅርጹ ሌላ፣ የሚከፍተው በር ግን ያው። ቅዝቃዜው ለትሉ ብቻ አይቀርም፤ አለርጂንም ክትባትንም ይነካል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ በአገራችን የተሠራ ጥናት፣ የትል መድኃኒት ወስደው የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ክትባት የተከተቡ ሰዎች ካልወሰዱት የተሻለ ምላሽ እንዳሳዩ አግኝቷል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስላይድ ላይ ወደቅኩ።

በካቶ ካትዝ ዘዴ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ ስላይድ በሚባለው የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ አድርገን ግሊሰሪን በነከርነው ሴሎፎን እንሸፍናለን። የቆጠርነውን እንቁላል በ24 ስናባዛ በግራም ስንት እንደሆነ ይወጣል። ግሊሰሪኑ ሰገራውን ያጠራዋል። ችግሩ፣ አንጀት ውስጥ የሚኖረውን የመንጠቆ ትል እንቁላልንም አብሮ ከዓይን ያጠፋል። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ካልታየ እንደሌለ ቁጠሩት። እኔ ደግሞ ጠዋት አዘጋጅቼ፣ ምሳ በልቼ ነበር የማየው። ሽሮዋ ትጣፍጥ ነበር።

አማካሪዬ መዝገቡን ገልጦ ገልጦ፣ «በዚህ አካባቢ መንጠቆ ትል አንድም የለም ነው የምትለኝ?» አለ።

«አዎ ዶክተር።»

«ስላይዱን በስንት ሰዓት አየኸው?»

ዝም አልኩ። «ትል የለባቸውም» ያልኳቸው ልጆች ውስጥ ስንቱ ትል እንደነበረበት ማወቂያ የለም። ሁሉንም እንደገና ጀመርኩ። አሁን ለመንጠቆ ትል ወዲያው አያለሁ፤ የቢልሃርዝያው እንቁላል ስለማይጠፋ ከሰዓት ይደርሳል። አንድ ልጅ በየቀኑ እኩል እንቁላል ስለማያወጣ ናሙና በሁለት የተለያዩ ቀናት እወስዳለሁ። ክንድ ላይም ሁልጊዜ፣ አለርጂ ባይኖርም ቆዳን የሚያሳብጠውን የሂስታሚን ጠብታ አብሬ አደርጋለሁ። ለእሱም ያላበጠ ቆዳ ስለ አለርጂ ምንም አይነግረኝም።

መጨረሻ ላይ መድኃኒት ስንሰጥ አንድ መምህር፣ «ትሉ አለርጂ የሚያበርድ ከሆነ ለምን ትገድሉታላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንጠቆ ትል ግን ደም ይመጥጣል፣ የቢልሃርዝያ እንቁላል ጉበት ላይ ጠባሳ ይጥላል። የሚያበርደውም ለራሱ ኑሮ ብሎ ነው አልኩት።

ከኋላው የቆመው ልጅ የቢልሃርዝያ መድኃኒቱን፣ የፕራዚኳንቴሉን ኪኒን፣ መዳፉ ላይ አገላብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ የፈረስ ነው?» አለኝ።