ሳክስፎኑ ወደ እኔ ይምጣ፦ የስምንት ወር የአያያዝ ማስታወሻ

አልቶ ሳክስፎን መማር ከጀመርኩ በዚህ ሰኔ ስምንት ወር ሞላኝ። ዛሬ የማካፍላችሁ ከስምንቱ ወር ብዙውን የወሰደብኝን ጉዳይ ነው፤ እንዴት እንደምቆም፣ እንዴት እንደምቀመጥ፣ መሣሪያውን እንዴት እንደምይዝ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥቅምትና ኅዳርን አላባክናቸውም ነበር። ከእናንተ መካከል ያኔ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ያለ ሰው ይኖራል ብዬ ነው በዝርዝር የምጽፈው።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ መሀል ከተማ ስለሆነ መገናኛ ታክሲ ተሰልፌ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ የጎረቤቴ ሕፃናት ደግሞ በሁለት ሰዓት ተኩል ይተኛሉ። ልብስ ቀይሬ፣ እራት እንኳ ሳልቀማምስ፣ ለልምምድ የሚተርፈኝ አርባ ደቂቃ ነው። ከዚያች አርባ ደቂቃ ላይ ግማሹ አንገት በማሸትና እጅ በማራገፍ ሲያልቅ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ነበሩ። ያገለገለ አልቶ ገዛሁ፤ አብሮት የመጣው ማንገቻ እንደ ገመድ የቀጠነ ነው። ማንገቻውን አጥልቄ፣ መሣሪያው ሆዴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ማውዝፒሱን፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚገባውን መንፊያ፣ በአፌ እፈልገዋለሁ። ከፍ እንዲልልኝ ደግሞ በቀኝ አውራ ጣቴ ወደ ላይ እሸከመዋለሁ። አልቶ 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያን ያህል ስኳር በአንድ አውራ ጣት ለሃያ ደቂቃ ተሸክማችሁ የቀሩትን አራት ጣቶች እንደልብ ለማንቀሳቀስ ሞክሩት። በታኅሣሥ አጋማሽ ጣቴ ከጥፍሩ ሥር ጀምሮ ይደነዝዝ ጀመር፤ ጠዋት ቢሮ እስክሪብቶ ስይዝ ሁሉ ይሰማኛል። ዘጠኝ ቀን አቆምኩ። መሣሪያው ሳጥኑ ውስጥ ተዘግቶ ሳየው ሆዴ ይባባ ነበር።

ከዚያ ያወጡኝ እኛው ብሎክ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በማርሽ ባንድ ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በብሎካችን ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ደረጃ ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ድምፅሽ ጠፋብን፤ ምነው?» አሉኝ። ጣቴን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ቅዳሜ ይዘሽው ነይ» ብለውኝ ወረዱ።

ቅዳሜ ስሄድ ባለቤታቸው ቡና እየቆሉ ነበር። ጋሼ አንድም ኖታ ንፊ አላሉኝም። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ አቆሙኝ። እግር በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ሳይገተር፣ ክብደት በሁለቱም እግር ላይ እኩል፣ ትከሻ ወርዶ፣ ዓይን በመስኮቱ ከማዶ ያለውን ብሎክ እያየ። «አሁን ያለሽው ልክ ነው። እንግዲህ ይኼን ሳናበላሽ ሳክስፎኑን እናምጣው። አንቺ ወደ እሱ አትሂጂ፤ እሱ ወደ አንቺ ይምጣ።» ከዚያ አንገቴ ላይ አንጠልጥለውልኝ የማንገቻውን ማስተካከያ ትንሽ ትንሽ እየሳቡ አሳጠሩት፤ ራሴን ሳላነቃንቅ ማውዝፒሱ ከንፈሬ መሀል እስኪደርስ ድረስ። ከለመድኩት በአራት ጣት ያህል አጠረ። የመጀመሪያውን ኖታ ስነፋ ባለቤታቸው ከቡናው ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ድምፁ የማን እንደሆነ ለአፍታ ግራ ገባኝ።

ምክንያቱን ቤት ገብቼ በራሴ ላይ ፈተንኩት። ማንገቻው ሲረዝም አንገት ይጎብጣል፣ አገጭ ወደ ደረት ይወርዳል፣ ጉሮሮ ይጠባል፤ ትንፋሹ ከሳንባ ወጥቶ አፍ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይታፈናል። ከልክ በላይ ሲያጥር ደግሞ ማውዝፒሱ የላይኛውን ጥርስ ወደ ላይ ይገፋል፣ ራስ ወደ ኋላ ይንጋጠጣል፣ የአንገት ጅማት ይወጠራል። ሦስቱንም ሆን ብዬ ነፍቼ በስልኬ ቀዳሁት፤ አንድ ሪድ (ማውዝፒሱ ላይ ታስሮ የሚርገበገበው ስስ ሸምበቆ)፣ አንድ ኖታ፣ አንድ ሰው፣ ግን ሦስት ሰው በየተራ የነፋ ነው የሚመስለው። ይህን ሙከራ እባካችሁ አንድ ምሽት ሥሩት። ጆሯችሁ አንዴ ከሰማው በኋላ ለመጎንበስ ትቸገራላችሁ።

የአውራ ጣቱ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ጋሼ «አውራ ጣት ገፊ ነው፤ ተሸካሚው ማንገቻው ነው» ይላሉ። ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ለማንገቻው ትለቁታላችሁ። ቀኝ አውራ ጣት ከመሣሪያው ጀርባ ያለው መንጠቆ ሥር ገብቶ መሣሪያውን በስሱ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ታችኛው ወገን ወደ ፊት ሲሄድ ማውዝፒሱ ወደ አፍ ይመጣል። የላይኛው ጥርስ ከላይ ያርፍበትና ሦስተኛ ምሰሶ ይሆናል። እንደ ጉልቻ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይንጋደዳል። መንጠቆው የሚያርፈው በጥፍሩና በመጀመሪያው መገጣጠሚያ መካከል፣ ከጎን በኩል ነው። የእኔ መንጠቆ በብሎን የሚላላ ስለነበረ በእጄ ልክ ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። ብዙ መሣሪያ ላይ ይህ እንደሚቻል ሳያውቁ የሚቸገሩ አሉ፤ የእናንተንም እዩት።

መፈተኛው ሲ ሻርፕ ነው። መሀለኛው ሲ ሻርፕ ምንም ቁልፍ ሳይጫን የሚነፋ ኖታ ስለሆነ መሣሪያውን የሚይዙት ማንገቻው፣ ጥርሱና ሁለቱ አውራ ጣቶች ብቻ ናቸው። እሱን ስትነፉ ሳክስፎኑ ከተወዛወዘ ሚዛኑ ገና ነው። እኔ በጥር ወር ሙሉ ልምምዴን የምከፍተው በዚህ ኖታ ነበር፤ ስምንት ቆጥሬ እነፋለሁ፣ ስምንት ቆጥሬ አርፋለሁ።

ከዚሁ ጋር የመጣ ሌላ ግኝት አለ። ከጥቅምት ጀምሮ በየመሀሉ ሲጥ የሚል ድምፅ ያስቸግረኝ ነበር። ጥፋቱን ሪዱ ላይ ጥዬ ሦስት ሪድ ቀያየርኩ፤ የሁሉም ጥንካሬ ቁጥር 2 ነበር። ጋሼ እጄን አይተው ግን ወዲያው አገኙት። መሣሪያውን ጨብጬ ስለምይዝ የግራ መዳፌ ከላይ ያሉትን የመዳፍ ቁልፎች፣ የቀኝ መዳፌ ደግሞ የጎን ቁልፎቹን ሳላውቀው ይገፋቸዋል። ቁልፉ የስንጥቅ ያህል እንኳ ከተከፈተ አየር ያመልጣል፣ ኖታውም ይዘላል። «የሻይ ብርጭቆ እንደያዝሽ አድርጊው፤ ሻዩም ትኩስ ነው» አሉኝ። ጣቶች በክብ ይታጠፋሉ፣ በጫፋቸው ሥጋ ቁልፉ ላይ ያርፋሉ፣ መዳፉና መሣሪያው መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል። ክርን ከጎን አይጣበቅም፣ እንደ ክንፍም አይዘረጋም። ሲጥታው በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሦስቱም ሪዶች አሁንም እየሠሩልኝ ነው።

አቀማመጥ ላይ አጭር ልሁን። ሶፋ ላይ አትለማመዱ። እኔ የፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ላይ፣ ሁለት እግሬን መሬት አስረግጬ፣ ከወገብ በላይ ልክ ቆሜ እንደምሆነው ሆኜ ነው የምቀመጠው። አጭር ስለሆንኩ አልቶውን እግሬ መካከል ሳደርገው ታችኛው ጠርዝ ከወንበሩ ይጋጭብኛል፤ ስለዚህ ስቀመጥ በቀኝ ጭኔ ጎን፣ ስቆም ከፊቴ ትንሽ ወደ ቀኝ አደርገዋለሁ። ቴነር፣ ከአልቶ የሚተልቀውን ሳክስፎን፣ የሚነፉት አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጎን ነው የሚይዙት፤ ለአልቶ ግን ሁለቱም ይቻላል፣ ለሰውነታችሁ የሚመቸውን ምረጡ። አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ፦ ወደ ጎን ስታዞሩት ማውዝፒሱም አብሮ ይጋደላል። ያኔ ራሳችሁን ከማዘንበል ማውዝፒሱን የሚሰካበት ቡሽ ላይ አዙራችሁ አስተካክሉት። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ራሴን ወደ ግራ አጋድዬ ነፍቻለሁ፤ ስልኬን ረከቦቱ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ ባልቀርጽ ኖሮ አላየውም ነበር።

ጋሼ ስለ ደረት ሲያስረዱኝ ሽለላን ነው የሚያነሡት። የሚሸልል ሰው ጎብጦ አይሸልልም፤ ደረቱን ነፍቶ፣ መሬቱን ረግጦ፣ ቀና ብሎ ነው። ይህን ሲሉኝ ሽለላን ወደ ቴነር ሳክስፎን ያመጡት ጌታቸው መኩሪያ ናቸው ትዝ ያሉኝ። በ2008 ዓ.ም. ያረፉት እኚህ አንጋፋ የፎካሪን ጩኸት፣ መንቀጥቀጡንና ማስረዘሙን በትንፋሽ አውጥተውታል። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን በካሴት ሲጫወት እሰማው ነበር። አሁን መሣሪያውን አንግቼ ስሰማው ግን ከዜማው በፊት የሚታየኝ የትንፋሹ ብዛት ነው። ያን ያህል አየር ከታጠፈ ሆድ አይወጣም።

ለትንፋሹ መሬት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ሆዴ ላይ ወፍራም መዝገበ ቃላት እጭናለሁ። ስስብ መጽሐፉ ይነሣል፣ ሳወጣ ይወርዳል፤ ትከሻዬ ከወለሉ አይንቀሳቀስም። ያንኑ ስሜት ይዤ እቆማለሁ። መገናኛ ሰልፍ ላይም እሠራዋለሁ። በአንድ እግር ላይ ዘንበል ብሎ መቆም ልማዴ ነበር፤ አሁን ቦርሳዬን መሀል አድርጌ፣ ሁለቱን እግሬን አመጣጥኜ፣ ታክሲ እስኪመጣ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ። ለልምምድ ያጣሁትን ሰዓት በዚህ በከፊል አካክሼዋለሁ።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ደግሞ ልጨምር። የማንገቻው ልክ በልብስ ይለወጣል። በታኅሣሥና በጥር ብርድ ወፍራም ሹራብና ነጠላ ደርቤ ስለምነፋ ያስተካከልኩት ልክ በሚያዝያ በስስ ልብስ ሲሆን ረዘመብኝ፤ ሳላስተውለው መጎንበስ ጀምሬ ነበር። አሁን ማንገቻው ላይ ሁለት ክር አስሬያለሁ፤ ቀዩ የብርድ፣ አረንጓዴው የሙቀት። መብራት ሲጠፋም በጣቴ ዳስሼ አገኘዋለሁ። ቀጭኑን ማንገቻም ሰፊና ስፖንጅ ባለው ቀይሬዋለሁ፤ የአንገቴ መቅላት የቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ያለሁበት ይኼ ነው። የአውራ ጣቴ መደንዘዝ ከየካቲት ወዲህ አልተመለሰም። በታኅሣሥ አሥር ደቂቃ ቆሜ እደክም የነበርኩት አሁን ሃያ አምስት ደቂቃ ሳላርፍ እቆማለሁ። የታችኛው ሲ የሚባለው ኖታ፣ ድሮ ወይ ዝም የሚለኝ ወይ ወደ ላይ የሚዘልብኝ፣ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን በመጀመሪያ ትንፋሽ ይወጣል። ከእሱ በታች ያለው ቢ ፍላት ገና ነው፤ የግራዋ ትንሿ ጣቴ ወደ ታች ስትዘረጋ የእጄ አንጓ አብሮ ይጠመዘዛል፣ ያኔ ትከሻዬም ይነሣል። ጋሼ በዝግታ ከሲ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ቢ ፍላት ያለ ትንፋሽ በጣት ብቻ እንድሄድ አዘውኛል፤ በመስታወት ፊት፣ በቀን አምስት ደቂቃ።

ዝናቡ ገብቷል። ማታ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከእኔ ድምፅ ስለሚበልጥ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም እነፋለሁ። ትናንት የባቲን ቅኝት እንዲህ በዝናብ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። በሦስተኛው ላይ ትከሻዬ ተነሥቶ አገኘሁት፤ አውርጄ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከእናንተ መካከል በትከሻ የሚታነገተውን ባለ ሁለት ማንገቻ አልቶ ላይ የሞከረ ካለ፣ በተለይ ሴቶች፣ ደረት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ንገሩኝ፤ ከክረምቱ በፊት ልገዛው አስቤያለሁ።